«መጣሁ» ብሎ ያልመጣ ሰው፦ የእንግሊዝኛ የአሁንና የኃላፊ ጊዜ ግሶች ለምን ያምታቱናል?

አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠራችኋል። እናንተ ገና ጫማ እያሰራችሁ ነው። «መጣሁ!» ትላላችሁ። አልመጣችሁም። ከተቀመጣችሁበት እንኳ አልተነሳችሁም። ግን ያለፈ ድርጊት በምንናገርበት ቃል ተናገራችሁ፤ ሰሚውም ምንም ግር አላለውም።

ይህንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ውሰዱትና «አይ ኬም» በሉ። ሰሚው ግራ ይጋባል። በእሱ ጆሮ የሆነ ቀን የሆነ ቦታ መጥታችኋል፤ ያለቀ ታሪክ ነው። ማለት የነበረባችሁ «አይም ካሚንግ» ነበር፤ እየመጣሁ ነው።

ብዙዎቻችን ቴንስ፣ ማለትም የግስ ጊዜ፣ የሚከብደን ሰንጠረዡን በደንብ ስላልሸመደድን ይመስለናል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው ባይ ነኝ። ሁለቱ ቋንቋዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ አይደለም። የአማርኛ ግስ በቅድሚያ የሚያሳስበው ድርጊቱ አለቀ ወይስ አላለቀም የሚለው ነው። እንግሊዝኛ በቅድሚያ የሚፈልገው መቼ እንደሆነና ከአሁን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ነው። «መጣሁ» የምንለው መምጣቱን በልባችን ስለጨረስነው ነው። እንግሊዝኛ ግን ልባችንን አልጠየቀም፤ የጠየቀው ሰዓቱን ነው።

ይህ ልዩነት ከገባን አብዛኛው ስህተታችን ከየት እንደሚመጣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እውነት 12 ቴንስ አለ?

ትምህርት ቤት 12 ተብሎ ነው የተነገረን። ቁጥሩ የመጣው ከማባዛት ነው፤ ሦስት ጊዜ (አሁን፣ ያለፈ፣ የሚመጣ) በአራት መልክ። ስሌቱ ስህተት የለውም። ግን ያስፈራል።

የእንግሊዝኛን ግስ ብቻውን ብትመለከቱት መልኩን የሚቀይረው ለሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ ለአሁንና ላለፈው። «ወርክ» እና «ወርክት»። የወደፊቱ እንኳ የራሱ መልክ የለውም፤ «ዊል» የሚባል ረዳት ይዋሳል። የቀረው ሁሉ በረዳት ግሶች የሚገጣጠም ነው። የሚጠቅመንም ይሄ ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ ጥቂት ረዳት፣ አለቀ።

«እሄዳለሁ» በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ አማርኛ ቸር ነው። በየቀኑ ሥራ እሄዳለሁ። ነገ እሄዳለሁ። በአንድ ቃል ልማዱንም የነገውንም እንናገራለን። እንግሊዝኛ ይህን ቃል ይሰነጥቀዋል። ለልማድ «አይ ጎ»፣ አሁን መንገድ ላይ ከሆናችሁ «አይም ጎዊንግ»፣ ነገ ከሆነ «አይ ዊል ጎ» ወይም «አይም ጎዊንግ ቱሞሮው»።

ትልቁ አሳሳች ነገር ስሙ ነው። «ሲምፕል ፕረዘንት» ሲባል ቀላል የአሁን ጊዜ ይመስለናል። ግን ብዙውን ጊዜ ስለ አሁን አይደለም የሚያወራው። የሚያወራው ስለ ተለመደው፣ ስለማይለወጠው፣ ስለሚደጋገመው ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ «ዋተር ቦይልስ»። ዛሬም፣ ትናንትም፣ ወደፊትም። በዚህች ደቂቃ ምድጃ ላይ ያለው ግን «ኢዝ ቦይሊንግ» ነው።

ልዩነቱ በጣም ጎልቶ የሚታየው በሁለት ጥያቄዎች ነው። «ዋት ዱ ዩ ዱ?» ያለ ሰው ሥራችሁ ምን እንደሆነ ነው የጠየቀው። «ዋት አር ዩ ዱዊንግ?» ያለው ደግሞ አሁን ምን እየሠራችሁ እንደሆነ። ለመጀመሪያው «ስልክ እያየሁ ነው» ብላችሁ ከመለሳችሁ ተላለፋችሁ ማለት ነው።

ጥሩው ነገር፣ አማርኛም «እየ» የሚባል መሣሪያ አለው። «እያነበበች ነው» ካላችሁ «ሺ ኢዝ ሪዲንግ» ነው። «ታነባለች» ካላችሁ ደግሞ «ሺ ሪድስ»፤ የማንበብ ልማድ አላት። ይህ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ያደርሳል። የሚያሰናክለው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። ማወቅ፣ መፈለግ፣ መውደድ፣ ማመን የመሳሰሉት በእንግሊዝኛ ድርጊት ሳይሆኑ ያለንበት ሁኔታ ናቸው፤ ስለዚህ «ኢንግ» አይወዱም። «አይም ኖዊንግ ሂም» አይባልም፤ «አይ ኖው ሂም» ነው። በዚህ ጆሯችን ይረዳናል፤ «ስሙን እያወቅኩት ነው» እኛም አንልም። «እየፈለግኩ ነው» ግን እንላለን፣ ቁልፍ ጠፍቶብን ስንፈልግ። ይሄ ሌላ መፈለግ ነው፤ እንግሊዝኛ «ሉኪንግ ፎር» ይለዋል። የመሻቱ መፈለግ «ዋንት» ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ያቺ ትንሽ «ስ» ምን ትሠራለች?

የአማርኛ ግስ ባለቤቱን ይዞ ነው የሚዞረው። እሄዳለሁ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ እንሄዳለን። ማን እንደሆነ ከግሱ ይታወቃል። እንግሊዝኛም ድሮ እንዲህ ያለ ቅጥያ በርከት ብሎ ነበረው። በዘመናት ተራገፈና በአሁን ጊዜ አንዲት ብቻ ቀረች፦ ለ«እሱ»፣ ለ«እሷ» እና ለግዑዙ የምትጨመረው «ስ»። «አይ ወርክ»፣ «ዜይ ወርክ»፣ ግን «ሺ ወርክስ»።

ብትረሷት ትርጉም አይጠፋም። ግን ወዲያው ትታወቃለች፣ በተለይ በጽሑፍ። ማመልከቻ ወይም የሥራ ኢሜይል ስትጽፉ ከመላካችሁ በፊት ይህቺን «ስ» ብቻ ፈልጋችሁ አንዴ አንብቡት። ከማንኛውም ሌላ እርማት በላይ ጽሑፉን ታጠራዋለች።

«ዲድ» ካለ ለምን «ዌንት» አይባልም?

ሸክም አንድ ነው፤ ተሸካሚውም አንድ። «ሺ ወርክስ» ስንል ሸክሙን፣ ማለትም የጊዜውንና የባለቤቱን ምልክት፣ የያዘው «ወርክ» ነው። ጥያቄ ስናደርገው «ደዝ» ይመጣና «ስ»ን ይቀበለዋል፤ «ደዝ ሺ ወርክ?»። «ወርክ» እጁ ባዶ ሆነ። ያለፈው ጊዜም እንዲሁ ነው። «ሂ ዌንት» ብለን የነበረው፣ በጥያቄና በአሉታ ጊዜ ሸክሙ ወደ «ዲድ» ይተላለፋል፤ «ዲድ ሂ ጎ?»፣ «ሂ ዲድንት ጎ»። «ዲድ ሂ ዌንት?» ያለ ሰው አንዱን ዕቃ ሁለት ሰው አሸክሟል።

እኛ የምንሳሳተው ያለ ምክንያት አይደለም። በአማርኛ «ሄደ?» ብለን ድምፃችንን ከፍ ማድረግ ይበቃናል፤ ግሱ አይነካም። እንግሊዝኛ ግን ለመጠየቅ ረዳት ይጠራል።

ሕግ የማያከብሩት ግሶች ለምን በዙ?

ያለፈውን ጊዜ ለመሥራት ሕጉ ቀላል ነው፤ መጨረሻው ላይ «ኢዲ» የሚባሉትን ሁለት ፊደሎች መጨመር። ንባቡ ግን ሦስት ዓይነት ነው። «ወርክት» ላይ «ት» ይሰማል፣ «ፕሌይድ» ላይ «ድ»፣ «ዋንትድ» ላይ ደግሞ ሙሉ ተጨማሪ ክፍለ ቃል። «ወርክ-ኤድ» ብሎ መነጠል ከሰሌዳ ንባብ የተረፈ ልማድ ነው።

ከዚህ ሕግ ውጭ የሆኑት በቁጥር ሁለት መቶ ገደማ ናቸው። ከሺዎቹ መደበኛ ግሶች አንጻር ጥቂት ናቸው፤ ግን በጣም የምንጠቀምባቸው እነሱ ናቸው። መሆን፣ መኖር፣ ማድረግ፣ ማለት፣ መሥራት፣ መሄድ፣ መውሰድ፣ መምጣት፣ ማየት፣ ማግኘት። በእንግሊዝኛ አዘውትረው የሚነገሩት እነዚህ አስሩ ግሶች በሙሉ ከሕግ ውጭ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንድ ቃል በየቀኑ በአፍ ላይ ካለ አሮጌ መልኩ አይረሳም። የሚረሳው ብዙም የማይነገረው ነው፤ ሲረሳም በ«ኢዲ» ይታረማል። መርዳት የሚለው «ሄልፕ» ድሮ ያለፈው ጊዜው «ሆልፕ» ነበር፤ ዛሬ «ሄልፕት» ሆኗል። የ«ጎ» ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። «ዌንት» የራሱ አይደለም። «ዌንድ» ከሚባል ሌላ የመጓዝ ግስ ወስዶ የራሱ ያደረገው ነው።

ብዙዎቹ እንዳሉ ሲታዩ ለእኛ እንግዳ ሊሆኑ አይገባም ነበር። «ራይት፣ ሮት፣ ሪተን» የሚለውን ከ«ይጽፋል፣ ጻፈ፣ ጽፎ» ጎን አስቀምጡት። ተነባቢዎቹ እንደ አጽም ቀርተው በመካከል ያለው ድምፅ ይለዋወጣል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ስለዚህ ስትለማመዷቸው እንደ ዝርዝር ሳይሆን እንደ እርባታ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ በድምፅ በሏቸው።

«ራበኝ» የትናንት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን።

ራበኝ። ደከመኝ። ገባኝ። መሸ። ደስ አለኝ። በመልካቸው ሁሉም ያለፈ ጊዜ ናቸው። በትርጉማቸው ግን ሁሉም ስለ አሁን ናቸው። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁሉ በአሁን ጊዜ ነው የሚናገራቸው። «አይም ሀንግሪ»፣ «አይም ታየርድ»፣ «አይ አንደርስታንድ»፣ «ኢትስ ሌት»፣ «አይም ሃፒ»።

ምን ሆኖ ነው? አንድ ቤት ውስጥ እንደ መግባት አስቡት። አማርኛ የሚናገረው ደፍ ያለፋችሁበትን ቅጽበት ነው። ረሃቡ መጣ፣ ድካሙ ያዘኝ፣ ነገሩ ወደ ልቤ ገባ። እንግሊዝኛ የሚናገረው አሁን ያላችሁበትን ክፍል ነው። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት። የቆሙበት ቦታ ነው የተለየው።

በተግባር በጣም የሚያስቸግረው «ገባኝ» ነው። ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ሲብራራልን ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን «አይ አንደርስቱድ» እንላለን። ሰሚው የሚሰማው «ያኔ ገብቶኝ ነበር» ነው፤ አሁንስ ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። «አይ አንደርስታንድ» በሉ።

የዚህ ወንድም የሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። «ተቀምጧል»፣ «ቆማለች»፣ «ተኝቷል»፣ «ኮት ለብሳለች»። እነዚህን እንግሊዝኛ በ«ኢንግ» ነው የሚላቸው፤ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሺ ኢዝ ስታንዲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ሺ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ኮት»። ምክንያቱ ያው ነው። አማርኛ መቀመጡ ተፈጽሞ ውጤቱ እንዳለ ይነግረናል፤ እንግሊዝኛ መቀመጡን ራሱን እንደሚቀጥል ነገር ያየዋል። እንዲያውም «እየተቀመጠ ነው» በእኛ ቋንቋ ሰውየው ገና ወንበሩ ላይ ዝቅ እያለ ነው ማለት ነው።

ያ የሚፈራው «ሃቭ» ምንድን ነው?

በ«ሃቭ» ወይም በ«ሃዝ» የሚሠራው ፕረዘንት ፐርፌክት ከሁሉም የሚያስቸግር ነው ይባላል። እኔ አማርኛ ተናጋሪ ሊፈራው አይገባም እላለሁ። እኛ ዘንድ ዘመድ አለው።

ጠዋት በር ትከፍታላችሁ። መሬቱ ርሷል። ምን ትላላችሁ? «ዘንቧል»። «ዘነበ» አትሉም። ዝናቡን አላያችሁትም፤ አሁን በፊታችሁ ያለው እርጥበቱ ነው። ያለፈ ነገር ነው፣ ግን የተናገራችሁት አሁን ስለሚታየው ምልክቱ ብላችሁ ነው። «ኢት ሃዝ ሬይንድ» ማለት ይሄው ነው። «ሃዝ» የሚለው ቃል የአሁን ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ። ያለፈውን ነገር አሁን በእጁ ይዞታል።

«አይ ሎስት ማይ ኪ» ካላችሁ ቁልፍ ስለጠፋበት ቀን እያወራችሁ ነው፤ ምናልባት ከዚያ ተገኝቷል። «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ» ካላችሁ እስካሁን በር ላይ ቆማችኋል። አሜሪካኖች በንግግር ብዙ ጊዜ ያለ «ሃቭ» እንደሚሉት ብትሰሙ አይድነቃችሁ፤ እንግሊዞች ግን ልዩነቱን ጠበቅ አድርገው ይይዙታል።

«ሄዷል» እና «ሄዶ ያውቃል»ም ቁልጭ ብለው ይገጥማሉ። «ሂ ሃዝ ጎን» ከሆነ ሰውየው ሄዷል፣ እዚህ የለም። «ሂ ሃዝ ቢን ዜር» ከሆነ ሄዶ ያውቃል፣ ተመልሷል።

ዘመድ ነው እንጂ መንትያ አይደለም። መለያያው ቀን ነው። በአማርኛ «ትናንት ደውሏል» እንላለን፣ ያለ ምንም ችግር። እንግሊዝኛ «ሃዝ» እና «የስተርደይ»ን አንድ ላይ አያስቀምጥም። ትናንት የተዘጋ ክፍል ነው። «ባለፈው ሳምንት»፣ «በ2010»፣ «ከሁለት ቀን በፊት» ሁሉ እንዲሁ። የተዘጋ ጊዜ ከጠራችሁ «ሃቭ» ይወጣል፤ «ሂ ኮልድ የስተርደይ»። «መቼ?» ብላችሁ ስትጠይቁም ቁርጥ ያለ ቀን እየፈለጋችሁ ነውና «ዌን ዲድ ሂ ኮል?» ነው። «ዛሬ» እና «በዚህ ሳምንት» ግን ገና ያልተዘጉ ናቸው፤ ከ«ሃቭ» ጋር ይስማማሉ።

ሌላው፣ ትርጉሙን ጭራሽ የሚገለብጠው፣ ይሄ ነው። «እዚህ ከኖርኩ 5 ዓመት ሆነኝ» የሚለውን ቃል በቃል ስንተረጉም «ኢት ኢዝ ፋይቭ ይርስ ሲንስ አይ ሊቭድ ሂር» ይሆናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚሰማው እዚህ መኖር ካቆማችሁ 5 ዓመት እንዳለፈ ነው። ትክክለኛው «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ነው። እዚህ ላይ «ሃቭ»ን ብትጥሉት «5 ዓመት ኖሬ ነበር፣ አሁን የለሁም» ይሆናል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበ ሰው አሁን ስላለበት ሥራ ሲናገር ይህቺ አንዲት ቃል ሥራ ላይ መሆኑንና ሥራ መልቀቁን ትለያለች። «ፎር» ርዝመቱን፣ «ሲንስ» መነሻውን እንደሚናገርም ያዙ፤ ለ5 ዓመት «ፎር»፣ ከሰኞ ጀምሮ «ሲንስ»።

«ሄጄ ነበር» ሁልጊዜ «ሃድ ጎን» ነው?

አይደለም። «ስደርስ ሄደ» እና «ስደርስ ሄዶ ነበር» መካከል ያለውን ልዩነት ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል። በመጀመሪያው ተያይተናል፤ በሁለተኛው ባዶ ወንበር ነው ያገኘሁት። እንግሊዝኛም «ሂ ሌፍት» እና «ሂ ሃድ ሌፍት» ብሎ ይለያቸዋል። «ሃድ» ከሁለት ያለፉ ነገሮች የቀደመውን የሚያሳይ ጣት ነው።

እኛ ግን «ነበር»ን ለአንድ ነጠላ ነገርም እንጠቀምበታለን። «ትናንት ሄጄ ነበር»። ይሄን «አይ ሃድ ጎን የስተርደይ» ብላችሁ ዝም ካላችሁ ሰሚው ቀጣዩን ይጠብቃል፤ ከምን በፊት? ሁለተኛ ነገር ከሌለ «አይ ዌንት» ይበቃል። «እየሄድኩ ነበር» «አይ ዋዝ ጎዊንግ» ነው። ድሮ ዘወትር «እሄድ ነበር» ከሆነ ደግሞ «አይ ዩዝድ ቱ ጎ»።

ሰው ያለውን ስንናገርስ?

አማርኛ የሰውን ንግግር እንዳለ አምጥቶ ያስቀምጣል። «እመጣለሁ አለ»። መጪው እሱ ነው፤ ሁላችንም ገብቶናል። «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» ብላችሁ ብትተረጉሙት ግን በንግግር የጥቅስ ምልክት አይታይምና መጪው እናንተ ትሆናላችሁ። እንግሊዝኛ ሁለት ነገር ይቀይራል። ሰውየውን «ሂ» ያደርገዋል፤ ግሱንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም»። «ደክሞኛል አለች» «ሺ ሴድ ሺ ዋዝ ታየርድ» ይሆናል። ንግግሩ ያለፈ ስለሆነ ውስጡ ያለውም አብሮት ወደ ኋላ ይሄዳል። እውነቱ አሁንም ካልተለወጠ በአሁን ጊዜ መተው ይቻላል፤ ወደ ኋላ መመለሱ ግን መቼም አያሳፍርም።

ያለፈ ጊዜ ሁሌ ስላለፈ ነገር ነው?

ይሄኛው ደስ የሚለኝ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ተስማምተው የሚሄዱበት ቦታ ስለሆነ። አንድን የምታከብሩትን ሰው ስትጠይቁ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ትላላችሁ። ፍላጎቱ አላለፈም። አሁን ነው የምትፈልጉት። ነገሩን ትንሽ ወደ ኋላ ስትገፉት ግን ሰውየው ላይ አይጫንም፤ እምቢ ለማለትም ቦታ ያገኛል። እንግሊዝኛም «አይ ዋንትድ ቱ አስክ ዩ» የሚለው ለዚሁ ነው።

ያልሆነ ነገር ስንመኝም ወደ ኋላ እንሸሻለን። «ባውቅ ኖሮ እነግርህ ነበር»። አላውቅም፤ አሁን፣ በዚህች ሰዓት አላውቅም። «ኢፍ አይ ኒው፣ አይ ዉድ ቴል ዩ»። «ኒው» ያለፈ ጊዜ ግስ ነው፤ እዚህ ግን የሚያርቀን ከአሁን አይደለም፣ ከእውነታው ነው። የእኛ «ኖሮ» እና «ነበር»ም በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያንኑ ሥራ ነው የሚሠሩት።